ረጅሙ ካርባይድ ለእህቴ

ከዚያ ቅዳሜ በፊት ታላቅ ወንድሜን እወዳቸዋለሁ ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም። አከብራቸው ነበር። እፈራቸውም ነበር። እነዚህን ሁለቱን ከመውደድ ጋር እያምታታሁ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ።

ስማቸው መስፍን ነው፤ እኔ ግን በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም። ወንድም ጋሼ ነው የምላቸው። እኔ ድክ ድክ ማለት ሳልጀምር ነው በሱዳን በኩል የተሰደዱት። ስለዚህ ወንድሜ ለኔ ለብዙ ዓመት የስልክ ድምፅ ነበሩ፤ በበዓል የሚደውሉ፣ ትምህርቴን የሚጠይቁ፣ ከዚያ «እማማን ስጪኝ» የሚሉ ድምፅ። እኔ አድጌ፣ አካውንቲንግ ተምሬ፣ በሙያ ፕሮግራም ካናዳ ስገባ፣ ቶሮንቶ ኤርፖርት ላይ ቆመው የጠበቁኝ ሽበታም ሰውዬ እሳቸው መሆናቸውን ያወቅሁት አፍንጫቸው የአባቴን ስለሚመስል ነው።

ወንድም ጋሼ ኢስት ዮርክ ውስጥ የአንድ አፓርትመንት ሕንፃ ሱፐር ናቸው። ቧንቧ ሲፈስ፣ ማሞቂያ ሲጠፋ፣ በር ሲገነጠል የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ለኔም እዚያው ሕንፃ ላይ ቤት አገኙልኝ። አካውንታንትነቴን የሚፈልግ ሰው ሲጠፋ እኔም ፈቃዴን አውጥቼ የተማሪ አውቶቡስ መንዳት ጀመርኩ። እንዲህ ተደላድለን ዓመታት አለፉ። ታዲያ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከወንድሜ አፍ ያልጠፋች አንዲት ቃል ነበረች፦ «እንግዳ»።

ዘንቢል ይዤ ከገባሁ ይነጥቁኛል። «እንግዳ ነሽ።» እሳቸው ቤት በልተን ሳህን ላጥብ ብነሳ ትከሻዬን ይዘው ያስቀምጡኛል። «እንግዳ ነሽ።» ምርጡ ሥጋ ወደኔ ይገፋል፤ ለስላሳው ወንበር ለኔ ይጠረጋል። ኢንፍሉዌንዛ ጥሏቸው ሳምንት ሲተኙ የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ተናድጄ ሄጄ «ለምን ኮል አላደረጉልኝም?» ስላቸው፣ በትኩሳት የቀላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «አንቺን ላስቸግር?» አሉኝ። ይህን እንክብካቤ ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን በር ላይ የቆምኩ ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ሱስ አላቸው፤ እሱም የበረዶ ላይ ዓሣ ማጥመድ ነው። ከከተማው ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል ተነድቶ ሲምኮ ሐይቅ ይገኛል። ዊንተር ላይ ሐይቁ መኪና እስኪሸከም በረዶ ሆኖ ይጠጥራል። እሳቸው እዚያ ላይ በስኖውሞቢል ይሄዳሉ፣ በረዶውን በመሰርሰሪያ ይበሳሉ፣ ዓሣ ያወጣሉ። ብቻቸውን። በዚያ ዓመት ግን ያገለገለ ሁለተኛ ስኖውሞቢል ገዙና «ይቺ ያንቺ ናት» አሉኝ። የአነዳድ ኮርስም እንድወስድ አደረጉኝ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። በመጨረሻ የራሳቸው ወደሆነ ቦታ ሊያስገቡኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

እዚህ ላይ ስኖውሞቢልን ለማታውቁ ትንሽ ላስረዳ፤ የታሪኬ ሁሉ ነገር ያረፈው እሷው ላይ ነውና። ማሽኗ ከፊት ሁለት መንሸራተቻዎች አሏት፤ ስኪ ይባላሉ። መሪውን ስታዞሩ የሚዞሩት እነሱ ናቸው። ከኋላ ደግሞ ሞተሩ የሚያሽከረክረው ሰፊ የጎማ ሰንሰለት አለ፤ ትራክ ይሉታል። ከእያንዳንዱ ስኪ ሆድ ሥር ካርባይድ የሚባል ጫፉ የተሳለ ጠንካራ ብረት ይታሰራል። ጠጣሩን በረዶ ነክሶ የሚይዘው እሱ ነው። ካርባይዱ ካለቀ መሪውን ብታዞሩትም ማሽኗ በራሷ መንገድ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። አለቀ፤ ትምህርቱ ይኸው ነው።

የኔዪቱ ማሽን ስኪዎቿ ተጣመው፣ ካርባይዷም አልቆ ነበር። ስለዚህ ዌስተን ውስጥ ወዳለ አንድ የዕቃ መሸጫ ሄድን። ሻጯ ሽበቷን በሻሽ የሸበበች፣ እጅጌዋ ግራሶ የነካው ሴት ናት። ወንድም ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው «ለእህቴ ነው፤ ጀማሪ ናት፤ ቤስት የሆነውን አምጪ» አሏት። ሰፋፊ አዲስ ስኪዎች አወጣች፤ እነሱ ላይ ሁላችንም ተስማማን። ከዚያ ሁለት ዓይነት ካርባይድ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም።

«ትራኩ ላይ ስተድ አለ?» ስትል ጠየቀች። ስተድ የሚሉት ከኋላው ትራክ ላይ የሚተከሉትን የብረት ጥርሶች ነው።

«የለውም» አሉ ወንድም ጋሼ።

«እንግዲያው አጭሩ ይሻላችኋል። ረጅሙ ከፊት አጥብቆ ይነክሳል። ኋላው ባዶ ከሆነ ግን ልሙጥ በሆነ በረዶ ላይ ስትታጠፍ ቂጧ ይዞርባታል። ደግሞ ጀማሪ ናት አልከኝ።» ወደኔ ዞረች። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ወንድም ጋሼ በአማርኛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ለእህቴ አጭሩን? መልካችንን አይታ ርካሹን ልታሲዘን ነው እኮ» አሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ንዴት ብቻ አልነበረም፤ የተዋረዱ መስለው ነበር። እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ የፊት ጎማ አዲስ፣ የኋላ ጎማ ያለቀ ሆኖ በረዶ ላይ ምን እንደሚከተል አላጣሁትም። ግን ታላቅ ወንድም ለክብሬ ብሎ በቆመበት፣ በባዕድ ሰው ፊት፣ እንዴት ተብሎ ይታረማል? «እሳቸው ያሉት ይሁን» አልኳት።

«ለራስህ ማሽንስ?» አለቻቸው።

«የኔ ገና ይሠራል» አሉ። የሳቸውን አይቼዋለሁ። ካርባይዱ ያለቀ ሳሙና መስሏል።

ያንኑ ዕለት ማታ ከሕንፃው ምድር ቤት ገብተው ካርቶን አንጥፈው ከስኪዎቹ ሥር ተንጋለሉ። እጃቸው ሁለት ነው፤ ብሎኑን ይይዙ፣ ቁልፉን ያዞሩ፣ ባትሪ ደግሞ ማብራት ያስፈልጋል። «እኔ ልያዝልዎ» አልኩ። «ተዪ፣ ልብስሽ ይቆሽሻል፤ እዚያ ቁጭ በይ» አሉና ባትሪውን በጥርሳቸው ነከሱት። ምራቃቸው በአገጫቸው እየወረደ ረጅሙን ካርባይድ አሰሩልኝ። እኔ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጬ በክብር ተመለከትኩ።

ቅዳሜ ጧት ማሽኖቹን ጭነን ወጣን። ሐይቁ ላይ ስንደርስ ሌሊቱን የነፈሰው ነፋስ ለስላሳውን በረዶ ጠርጎት፣ ሰፊው ሜዳ ጥቁር መስታወት ሆኖ አገኘነው። ወንድም ጋሼ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ተነሳን። ቀጥ ባለው መንገድ ማሽኗ ድንቅ ነበረች። ችግሩ መታጠፍ ላይ ነው። መሪው ከበደኝ፤ ክንዴ ተቃጠለ። ትንሽ ጠምዘዝ ሳደርገው አፍንጫዋ ጭምድድ አድርጋ በረዶውን ትነክሳለች፤ ከዚያ ኋላዋ ሸርተት ብሎ ሊቀድመኝ ይፈልጋል።

ወንድም ጋሼ ቆመው የቆባቸውን መስታወት አነሱ። «እንዴት ናት?»

«ግሩም ናት!» አልኩ።

«ምርጡ ነዋ የታሰረላት!» ብለው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው ስለማላውቅ ሌላ ቃል ልጨምር አልቻልኩም።

እስከ ቀትር አጠመድን። እሳቸው አወጡ፤ እኔ ምንም። ነፋሱ እየበረታ ሲመጣ «እንመለስ» አልኩ። ሰማዩና ሐይቁ አንድ ዓይነት ቀለም ይዘው ነበር። ወንድም ጋሼ ወደ ባዶው ባልዲዬ አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዳ ባዶ እጇን አትመለስም። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ትልልቁ ዓሣ ያለበት ቦታ አለ። ቶሎ ደርሰን እንመለሳለን።»

ነገሩን እዚያ ላይ ማቆም የሚችል ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ግን ለኔ ብለው ነው የሚሄዱት። እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል? ተከተልኳቸው።

ብዙም ሳንርቅ ነፋሱ የተረፈውን በረዶ ከመሬት እያነሳ ፊት ለፊታችንን ይጋርድ ጀመር። ከወንድሜ የቀረኝ የኋላ መብራታቸው ብቻ ነበር፤ እሱንም እየጠፋ እየታየኝ ነው የምከተለው። ድንገት መብራቱ ደመቀ። ፍሬን ያዙ። ከፊታቸው አንድ ነገር ከነጩ ውስጥ ብቅ አለ፤ በረዶው ተጋፍቶና ተሰባብሮ ደረት ድረስ የተቆለለበት ግንብ፣ ከሥሩ ደግሞ የጠቆረ ውሃ። መሪያቸውን ሲያዞሩ በዓይኔ አየሁ። ስኪዎቻቸው ዞሩ። ማሽናቸው አልዞረችም። ቀጥ ብላ ሄደች።

ድምፁን አልረሳውም። የብረትና የበረዶ ድምፅ፤ ከዚያ የውሃ።

እኔ ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ። አፍንጫዋ ነከሰ። ኋላዬ ዞረብኝ፤ ሰማዩ፣ በረዶው፣ ሰማዩ ተፈራረቁና ራሴን በጀርባዬ ተንጋልዬ አገኘሁት። ከእጄ ጋር የታሰረችው የደኅንነት ገመድ ተነቅላ ሞተሩ ጠፍቷል። ከነፋሱ በስተቀር ጸጥ አለ።

«ወንድም ጋሼ!»

በጉልበቴ ተነስቼ ሮጥኩ፤ ወደቅሁ፤ ተነሳሁ። ያኔ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«አትጠጊ! ስስ ነው! እንዳትጠጊ አስቱ!»

ማሽናቸው በአፍንጫዋ ውሃ ውስጥ ተዘፍቃ ጅራቷ ብቻ ይታያል። እሳቸው ከጎኗ ደረታቸው በረዶው ላይ፣ ከወገባቸው በታች ውሃው ውስጥ ናቸው። በክርናቸው ራሳቸውን ሊጎትቱ ይሞክራሉ፤ ይንሸራተታሉ። «እግሬ አይታዘዝልኝም» አሉ። ድምፃቸው ሰላምታ የሚሰጡ ያህል የተረጋጋ ነበር፤ ይበልጥ ያስፈራኝም እሱ ነው።

ስልኬን አውጥቼ ለአደጋ ጊዜ ጥሪ ደወልኩ። የመለሰችልኝ ሴት «የት ነሽ?» አለችኝ። ዙሪያዬን አየሁ። ምን ልበላት? «ሐይቁ ላይ፤ ወንድሜ ውሃ ውስጥ ነው!» አልኩ። ማሽኖቹን ያወረድንበትን ቦታና የሄድንበትን አቅጣጫ ነገርኳት። «ሰዎች እየተነሱ ነው፤ ግን ምንም ስለማይታይ ሊዘገዩ ይችላሉ። ከውሃው ከወጣ በተቻለሽ መጠን…» ስትል ስልኩ በብርዱ ቻርጁን ጨርሶ ጠፋ። ደጋግሜ ነካካሁት። ጥቁር።

ከማሽኔ መቀመጫ ሥር ገመድ ነበረ። ኮርሱ ላይ እንዳስተማሩን በሆዴ ተኝቼ ተሳብኩና ጫፉን ወረወርኩላቸው። በብብታቸው ሥር አሳልፈው አሰሩት። ጎተትኩ። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም፤ ወደ ውሃው የተንሸራተትኩት እኔ ነኝ። «ልቀቂው!» ብለው ጮኹ። ወደ ኋላዬ ተሳብኩና የገመዱን ሌላ ጫፍ ከማሽኔ ኋላ አሰርኩት። ሞተሩ ነቃ። ጋዝ ስሰጠው ትራኩ በባዶ በረዶ ላይ ተሽከረከረ እንጂ ወደፊት አልተራመደም። ጥርስ የለውማ! ሻጯ ትዝ አለችኝ። ወንድሜ ያጠመዱትን ዓሣ የያዘው ጆንያ ከኔ ማሽን ላይ ተጭኖ ነበር፤ ዓሣውን ዘርግፌ ጆንያውን ከትራኩ ሥር ጠቀጠቅሁት። ደግሜ ጋዙን ቀስ ብዬ ነካሁ። ትራኩ ጆንያውን ያዘ፤ ገመዱ ተወጠረ፤ ወንድሜ ከውሃው ተስበው ወጡ።

ስደርስባቸው እርጥቡ ሱሪያቸው በረዶ ይዞ ቆርቆሮ እየሆነ ነበር። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች መሆን በማይገባው አኳኋን ተጣሟል። የደረቀ ጓንቴን አጠለቅሁላቸው፤ የአንገት ልብሴን አንገታቸው ላይ ጠቀለልኩ። ከንፈራቸው እንደ ልብ አይከፈትም።

«አሁን ስሚኝ» አሉ። «ሂጂ። ብቻሽን ቀላል ነሽ። ሰው ይዘሽ ነይ።»

«የት ብዬ አገኝዎታለሁ? ምንም አይታይም እኮ!»

«ሂጂ አልኩሽ። በኔ ጦስ አንቺ… የእማማ አደራ ነሽ። እንግዳ ነሽ፣ እንዴት አድርጌ…»

ያቺ ቃል እዚያም ተከተለችኝ! ለዓመታት የዋጥኩት ነገር ሁሉ አንዴ ገነፈለ። «እንግዳ አይደለሁም!» ብዬ ጮኽኩባቸው። «እህትዎ ነኝ! ዘንቢሌን ነጠቁኝ፣ ሳህኔን ነጠቁኝ፣ አሁን ደግሞ ወንድሜን ሊነጥቁኝ ነው? ከኋላዬ ይቀመጡ!»

ታላቅ ወንድሜን አዘዝኳቸው። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

እንዴት አድርጌ እንዳስቀመጥኳቸው እኔም አላውቅም። የተሰበረው እግር ሲነካ ያወጡት ድምፅ ዛሬም ሌሊት ያነቃኛል። ክንዳቸውን በወገቤ ዙሪያ አሳልፌ እጅ ለእጅ አያያዝኩት። መሪውን ጨበጥኩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ፦ ወዴት?

በየትም ብዞር ነጭ ነው። ወደ ሐይቁ ዳርቻ የምሄድ መስሎኝ ያንኑ ግንብ ሌላ ቦታ ላይ ልገናኘው እችላለሁ። አንገቴን ደፋሁ። ያኔ አየኋቸው። ከማሽኔ ሥር ወደመጣንበት የሚሄዱ ሁለት ቀጫጭን ጭረቶች ጥቁሩ በረዶ ላይ ተሰምረዋል፤ ልክ በምላጭ የተሳሉ። ረጅሞቹ፣ አዲሶቹ፣ ያን ሁሉ ጣጣ ያመጡብኝ ካርባይዶች ስመጣ መንገዱን እየቀረጹት ኖሯል። የወንድም ጋሼ ማሽን ምንም ምልክት አልተወም።

በጭረቶቹ ላይ ቀስ ብዬ ተነሳሁ። መጀመሪያ ስታጠፍ ኋላዋ ይዞርብኛል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። አልዞረም። ጧት ሙሉ ስትፈናጠርብኝ የዋለችው ማሽን የወንድሜ ክብደት ትራኩ ላይ ሲያርፍ ጭምት ሆነች። ሳዞራት ትዞራለች፤ ስይዛት ትያዛለች። ምክንያቱን ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም፤ ብቻ ጀርባዬ ላይ የተጫነኝ ክብደት እንዳይቀል ጸለይኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ ያውሩኝ!»

«እ…»

«እንዳይተኙ! ያውሩ! የተሰደዱ ቀን ምን ሆነ? ነግረውኝ አያውቁም!»

እጃቸው ወገቤ ላይ ሲላላ ተሰማኝና በአንድ እጄ ይዤ መልሼ አጠበቅሁት። ከዚያ ከቆባቸው ውስጥ የታፈነ ድምፅ መጣ።

«ታቅፌሽ ነበር።»

«እኔን?»

«አላስተኛ ብለሽ… ሌሊቱን ታቅፌሽ አነጋሁ። ሊነጋጋ ሲል ድንበር የሚያሻግሩኝ ሰዎች መጡ። ለእማማ ስሰጣት… ስሰጥሽ ሸሚዜን ይዘሽ አልለቅ አልሽ። ጣቶችሽን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅሁት።»

መስታወቴ ከውስጥ ጭጋግ ለብሶ ስለነበር ገልብጬ በነፋሱ ውስጥ ፊቴን ገልጬ ነዳሁ። እንባዬ ጉንጬ ላይ ደረቀ።

ከዚያ ጭረቶቹ ጠፉ። ነፋሱ ለስላሳውን በረዶ እዚያ ቦታ ላይ ከምሮት መስመሮቼን ቀብሯቸዋል። ቆምኩ። ወደ ግራ ልሂድ? ወደ ቀኝ? ክምሩን በቀጥታ አቋርጬ ወደ ጥቁሩ በረዶ ወጣሁ። ምንም የለም። እሳቸው እየተንቀጠቀጡ ነበር፤ ያ መንቀጥቀጥ ደግሞ እየቀነሰ መጣ። ብርድ የያዘው ሰው መንቀጥቀጡን ሲያቆም መጥፎ ነው ብለው ነግረውናል።

«አይዞዎት፣ ደርሰናል!» ብዬ ዋሸሁ።

ወንድሜ ጭንቅላታቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው ወደ ታች እያዩ ነበር። ጣታቸው ሆዴን ነካ አደረገኝ። «በግራሽ» አሉ በሹክሹክታ። «ጭረት… በግራሽ በኩል።»

አንገቴን አጠማዘዝኩ። አየኋት፤ ፀጉር የምታክል ነጭ መስመር። ከጎኗ ደግሞ እህቷ። እየሳቅሁ ይሁን እያለቀስኩ ሳላውቅ ተከተልኳቸው።

የሐይቁ ዳርቻ ሲቀርብ ከነጩ ውስጥ ቀይና ቢጫ መብራት ብልጭ አለ። ሊፈልጉን የተነሱት የእሳት አደጋ ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሮጦ መጥቶ ወንድሜን ከኔ ላይ ሊያነሳቸው ሲሞክር እጃቸው አልፈታ አለው። የጃኬቴን ጨርቅ ጨምድደው ይዘዋል። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ።

እግራቸው ተሰብሮ ነበር፤ ብረት ገባበት። የእግር ጣቶቻቸው ተረፉ። ሐኪሙ እዚያው ተቀምጠን ጠብቀን ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሊነግረኝ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው።

ከሆስፒታል የወጡ ቀን ሶፋቸው ላይ አስተኛኋቸው። እንደ ልማዴ ከሶፋው ጫፍ ላይ በጨዋ ደንብ ተቀመጥኩ። የሆነ ነገር ሊሉ ይፈልጋሉ፤ ይተዉታል። በመጨረሻ በጣም ከባድ ነገር የሚያነሱ ይመስል ፊታቸውን አጨማደዱና «አስቱ… ውሃ ታመጪልኛለሽ?» አሉ። ኩሽና ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ፣ እንዳይሰሙኝ ውሃውን አስጩኼ አለቀስኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ቤታችሁ ውስጥ እንደኔ ወንድም ያለ ሰው ይኖር ይሆናል። ወይም ሰውዬው ራሳችሁ ናችሁ። ምርጡን ለሌላው፣ የተረፈውን ለራስ ማድረግ ያሳደገን ነገር ነው፤ ልነቅፈው አልችልም፤ እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ግን ያን ቀን ሁለት ማሽኖች ነበሩ። አንዷ ምርጡ ተሰጥቷት ከልክ በላይ ዞረች፤ አንዷ ተነፍጓት መዞር አቃታት። ሁለታችንንም ሊገድለን የነበረው ክፋት አልነበረም፤ መወደዴ ነበር። የምትወዱትን ሰው ስታከብሩ አንዳንዴ ምን እንደሚፈልግ ጠይቁት። ደግሞ እናንተም አንድ ነገር ጠይቁት። ውሃም ቢሆን። እኔ ካናዳ የገባሁት አውሮፕላኑ ያረፈ ቀን ሳይሆን ያቺን ብርጭቆ ውሃ ያመጣሁ ቀን ይመስለኛል።

በሚቀጥለው ዊንተር መጀመሪያ ላይ ወደዚያ ዌስተን ያለው ሱቅ ተመለስን። ወንድም ጋሼ ከዘራ ይዘዋል። የሰመጠችው ማሽናቸው ወጥታ ተጠግናለች። ሻጯ አወቀችን፤ «ምን ላምጣ?» አለች። እሳቸው ወደኔ ጠቆሙ። «አስክ ሄር፤ እሷን ጠይቂ» አሉ። ለሁለቱም ማሽኖች አንድ ዓይነት መጠነኛ ካርባይድ፣ ለሁለቱም ትራኮች ስተድ አዘዝኩ። ወንድም ጋሼ ባንኮኒው ላይ ያለውን ረጅሙን አንዴ በጎን አዩት፤ ከዚያ ቦርሳቸውን አውጥተው ከፈሉ።

ማታውን ምድር ቤት ወረድን። ካርቶን አነጠፉ፤ የተጠገነ እግራቸውን ቀስ አድርገው ዘርግተው ከስኪዎቹ ሥር ተንጋለሉ። እኔ የቀለም ቆርቆሮዬ ላይ ተቀመጥኩ። ባትሪውን አነሱ፤ ወደ አፋቸው አስጠጉት። መሃል ላይ እጃቸው ቆመ።

«አስቱ፣ ነይ ይህን ያዢልኝ።»

ከጎናቸው ቆሻሻው ወለል ላይ ተኛሁና ባትሪውን ያዝኩ። ብርሃኑ ወዲያ ወዲህ አለብኝ።

«ኧረ ቀጥ አድርጊው! ብሎኑ የት እንዳለ አይታየኝም!» ብለው ተቆጡኝ።

ተቆጡኝ! እኔም ቀጥ አደረግሁት።